ከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ያለበት ሕፃን እንዴት ይድናል?

ከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ለሞት ከሚዳርጉ የጤና ችግሮች አንዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እንደሚገልጸው፣ በዚህ ሕመም የተያዘ ሕፃን በደንብ ከተመገበ እኩያው ጋር ሲነጻጸር የመሞት አደጋው እስከ 11 እጥፍ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ሕመሙ የሚድን ነው። በጊዜ ተለይቶ ሕክምናውን ሳያቋርጥ የጨረሰ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል ሳይተኛ፣ ከእናቱ ሳይለይ በቤቱ ሆኖ ይድናል። ሕፃኑን ለሞት የሚያበቁት በአብዛኛው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም ዘግይቶ መምጣትና ሕክምናውን በመሐል ማቋረጥ ናቸው።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም ዋና ከተማዋ አርብ ገበያ በሆነችው በታች ጋይንት ወረዳ፣ እንዲሁም በላይ ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚኖሩ ወላጆችና አሳዳጊዎች ነው። በዚህ አካባቢ ብዙ ቀበሌዎች በገደልና በሸለቆ የተከፋፈሉ በመሆናቸው ወደ ጤና ተቋም የሚደረገው ጉዞ ረጅምና አድካሚ ነው። ከዚህም በላይ በክረምት ወራት፣ የቤት እህል ተሟጦ አዲሱ ሰብል ሳይደርስ ባለው ጊዜ፣ የምግብ እጥረት ይበረታል፤ ተቅማጥና የሳንባ ምችም በዚሁ ወቅት በሕፃናት ላይ ይጸናሉ። ስለዚህ ወላጆች የሕመሙን ምልክቶች አስቀድመው ማወቃቸው ጉዞውን በጊዜ እንዲጀምሩ ይረዳቸዋል።

የሕመሙ ሁለት መልኮች

ከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት በሁለት መልክ ይታያል። አንደኛው ከባድ ክሳት ነው። የሕፃኑ የጎድን አጥንቶች ይቆጠራሉ፤ የክንዱና የጭኑ ሥጋ ይጠፋል፤ የመቀመጫው ቆዳ ይሸበሸባል፤ ፊቱ የሽማግሌ መልክ ይይዛል። ይህን ማንም ሰው በቀላሉ ይለየዋል።

ሁለተኛው መልክ እብጠት ነው። እብጠቱ ከሁለቱም እግሮች ይጀምርና ወደ እጅና ወደ ፊት ይወጣል። የፀጉሩ ቀለም ሊለወጥና በቀላሉ ሊነቀል፣ ቆዳውም ሊላጥ ይችላል። ሕፃኑ ይነጫነጫል፤ መጫወት ይተዋል። ይህ መልክ ብዙ ወላጆችን ያሳስታል፤ ያበጠው ፊት የወፈረ ስለሚመስል ልጁ ደህና እንደሆነ ይታሰባል። ነገር ግን በሰውነቱ የተጠራቀመው ስብ ሳይሆን ውኃ ነው። በሁለቱም እግሮቹ ላይ እብጠት የሚታይበት ሕፃን በዚያው ዕለት በጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

ሕመሙ የሚለይበት መንገድ

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር የሆኑ ሕፃናትን የሚለዩት በክንድ መለኪያ ጥብጣብ ነው። ልኬቱ የሚወሰደው በግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መካከል ባለው ቦታ ነው። ውጤቱም እንደሚከተለው ይተረጎማል፦

- ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች (ቀይ)፦ ከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት፤ ሕክምና ወዲያውኑ ይጀመራል።
- ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር በታች (ቢጫ)፦ መካከለኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት፤ ክትትልና የአመጋገብ ድጋፍ ያስፈልጋል።
- 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ (አረንጓዴ)፦ በዚህ መለኪያ አጣዳፊ የምግብ እጥረት የለም።

እብጠት የሚመረመረው የሁለቱንም እግሮች የላይኛውን ገጽ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ በመያዝ ነው። ጣቱ ከተነሣ በኋላ በሁለቱም እግሮች ላይ ጉድጓድ ከቀረ ሕፃኑ የክንዱ ልኬት ምንም ይሁን ምን ከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት እንዳለበት ይወሰዳል። ይህን ምርመራ እናትም በቤቷ ልታደርገው ትችላለች።

ሕክምናው የሚሰጥበት ቦታ

ሕመሙ የተገኘበት ሕፃን በመጀመሪያ የምግብ ፍላጎቱ ይፈተናል። እናቱ እጇን ታጥባ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ተቀምጣ ለሕክምና የተዘጋጀውን ልዩ ምግብ ትሰጠዋለች፤ ባለሙያዋም የሚበላውን መጠን ትመለከታለች። ይህ ፈተና ቀላል ቢመስልም ብዙ ነገር ይናገራል። የሰውነቱ የውስጥ አካላት ክፉኛ የተጎዱ ወይም ስውር ኢንፌክሽን ያለበት ሕፃን መብላት አይችልምና።

በደንብ የሚበላ፣ ሌላ ተጓዳኝ ሕመም የሌለበትና ዕድሜው ከ6 ወር በላይ የሆነ ሕፃን በቀበሌው ጤና ኬላ በተመላላሽነት ይታከማል። በክብደቱ ልክ የተሰላ ልዩ የሕክምና ምግብና አሞክሲሲሊን የተባለው መድኃኒት ይሰጠዋል። ከዚያም በየሳምንቱ እየተመለሰ ክብደቱ፣ የክንዱ ልኬትና እብጠቱ ይታያል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ምግብም ይሰጠዋል።

የሚከተሉት ምልክቶች የሚታዩበት ሕፃን ግን ሳይዘገይ የማረጋጊያ ማዕከል ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መላክ አለበት፦

- መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፤ የምግብ ፍላጎት ፈተናውን አለማለፍ፤
- የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፤
- መንቀጥቀጥ፣ መደንዘዝ ወይም ራስን መሳት፤
- ፈጣን አተነፋፈስ (ከ2 እስከ 11 ወር ለሆነ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 እስከ 59 ወር ለሆነ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ) ወይም ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ መግባት፤
- ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የሰውነት መቀዝቀዝ፤
- ከባድ ተቅማጥና የፈሳሽ እጥረት፤ የመዳፍ መገርጣት፤
- መላ ሰውነትን ያዳረሰ እብጠት።

ዕድሜው ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃንም የሚታከመው በተኝቶ ሕክምና ነው። ለእርሱ ልዩ የሕክምና ምግቡ አይሰጠውም፤ ሕክምናው በዋናነት እናቲቱ ጡት በበቂ ሁኔታ እንድታጠባ በማገዝ ላይ የተመሠረተ ነው። ከአቅም በላይ የሆኑ ሕሙማን ከወረዳዎቹ ወደ ደብረ ታቦር አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላኩ ይችላሉ።

በጣም የተራበን ሕፃን በአንድ ጊዜ ማጥገብ ለምን አደገኛ ሆነ?

ለረጅም ጊዜ ምግብ ያጣ ሰውነት በሕይወት ለመቆየት ሲል ሥራውን ሁሉ ይቀንሳል። ልብ ይደክማል፤ ኩላሊት ጨውና ውኃን በሚገባ ማስወገድ ያቅተዋል፤ ጉበት በቂ ስኳር ማዘጋጀት ይሳነዋል፤ ሰውነት ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሕፃን ብዙ ምግብ፣ ጨው ወይም ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ቢሰጠው የደከመው ልብ ሸክሙን አይችልም፤ ሕፃኑም ሊድን ሲል በድንገት ሊሞት ይችላል።

በማረጋጊያ ማዕከል ሕክምናው በትንሽ በትንሹ የሚጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያ ኤፍ 75 የተባለ ልዩ ወተት በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በትንሽ መጠን ይሰጣል። ይህ ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ የያዘ ነው። ዓላማውም ክብደት መጨመር ሳይሆን የአካላቱን ሥራ ማረጋጋት ነው። የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስና እብጠቱ ሲቀንስ ወደ ልዩ የሕክምና ምግብ ወይም ኤፍ 100 ወደተባለው ወተት ይሸጋገራል። በእነዚህ ቀናት የሕፃኑ ክብደት ባይጨምር፣ እብጠቱ ሲወርድ እንዲያውም ቢቀንስ፣ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። ብዙ ወላጆች በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጠው ልጃቸውን ይዘው መውጣት ይፈልጋሉ፤ መታገሥ የሚገባውም በዚህ ጊዜ ነው።

በተመሳሳይ ምክንያት ከፍተኛ የምግብ እጥረት ላለበት ሕፃን ግሉኮስ በደም ሥር እንዲሰጠው መወትወት አይገባም። ለሌሎች ሕፃናት ተቅማጥ የሚሰጠው የተለመደው ኦ.አር.ኤስ. እንኳ ለዚህ ሕፃን ጨው ይበዛበታል። ተቅማጥ የያዘው እንደሆነ ለዚሁ ሕመም የተዘጋጀ ሌላ ውሕድ በባለሙያ ክትትል ይሰጠዋል።

ሰውነቱ ሙቀቱን መጠበቅ ስለማይችልም ብርድ ይጎዳዋል። እንደ ጋይንት ባለ ደጋ አገር ሕፃኑን ኮፍያ አድርጎ፣ በእናቱ ገላ ላይ ታቅፎ፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ማሳደር የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ትኩሳት አለመኖሩም ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም፤ የደከመ ሰውነት ትኩሳት ማሳየት ሊያቅተው ይችላል። ለሁሉም ሕፃናት መድኃኒት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕክምናው ወደ ቀበሌ የወረደው እንዴት ነው?

ቀደም ባለው ጊዜ በዚህ ሕመም የተያዘ ሕፃን ሁሉ ለሳምንታት ተኝቶ መታከም ነበረበት። እናት ሌሎች ልጆቿንና የእርሻ ሥራዋን ትታ ከማዕከሉ ትቀመጥ ነበር፤ ሕሙማን በአንድ ቦታ ሲሰበሰቡም ተላላፊ በሽታ ይዛመት ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከለውዝ፣ ከዱቄት ወተት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከቫይታሚንና ማዕድናት የተዘጋጀ ልዩ ምግብ በፈረንሳይ ተሠራ። ምግቡ ማብሰልም ሆነ ውኃ መጨመር አያስፈልገውም፤ ውኃ ስለሌለበትም ጀርም በቀላሉ አይራባበትም። አንዱ እሽግ 92 ግራም ሲሆን 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። በአገራችን ብዙ ሰው ፕላምፒኔት በሚለው ስሙ ያውቀዋል።

ይህን ምግብ በመጠቀም ሕፃናትን በቤታቸው ማከም ቀደም ብሎ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ሙከራው በ2000 እ.ኤ.አ. በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ተካሂዷል። በ2007 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ይህን አሠራር በጋራ መግለጫ ደገፉ። ኢትዮጵያም በ2008 እ.ኤ.አ. ሕክምናውን እስከ ጤና ኬላ አወረደችው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ባለሙያዎችን ማሰማራቱ ለዚህ መሠረት ሆኗል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ለዚህ ለውጥ ክትባትን ጨምሮ ብዙ ሥራዎች አስተዋጽኦ ያደረጉ ሲሆን፣ ሕክምናን ለቤተሰብ ማቅረብ አንዱ ነው።

ሕክምናው የሚቋረጥባቸው ምክንያቶችና መፍትሔዎቻቸው

*ምግቡን መጋራት ወይም መሸጥ።* በቤት ውስጥ የተራቡ ሌሎች ልጆች ሳሉ ለአንዱ ብቻ መስጠት ለእናት ከባድ ነው። ሆኖም ልዩ የሕክምና ምግቡ የሚታዘዘው እንደ መድኃኒት በታማሚው ክብደት ልክ ነው። ተከፋፍሎ ቢበላ የታመመው አይድንም፤ ሌሎቹም አይጠግቡም። በገበያ መሸጡም የሕፃኑን የአንድ ሳምንት ሕክምና መሸጥ ነው። ሌሎቹ ልጆች ያሉበት ሁኔታ የሚያሳስብ ከሆነ ለባለሙያዋ ነግሮ ማስለካት ይገባል። በቤት ውስጥ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ የእናት ጡት፣ ቀጥሎ ልዩ የሕክምና ምግቡ፣ በመጨረሻ የቤት ምግብ ነው። ምግቡን ሲበላ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ በብዛት ይሰጠዋል።

*የጾም ወቅት።* ልዩ የሕክምና ምግቡም ሆነ ልዩ ወተቱ ወተት አለበት። በጾም ወራት አንዳንድ እናቶች ዕቃቸው እንዳይነካካ በመስጋት ለሕፃናት የፍስክ ምግብ ከመስጠት ይቆጠባሉ። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የመጾም ግዴታ የለበትም። ምግቡ ከእሽጉ በቀጥታ የሚበላ ስለሆነ የቤት ዕቃ አይነካም። ጥርጣሬ ያለው ወላጅ የንስሐ አባቱን ማማከር ይችላል፤ ሕክምናውን ግን ማቋረጥ የለበትም።

*የመንገድ ርቀትና የሥራ ብዛት።* የቀጠሮው ቀን በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ለገበያ ወደ ከተማ የሚመላለሱ ቤተሰቦች ቀጠሮው ከጉዟቸው ጋር እንዲጣጣም ባለሙያዋን አስቀድመው መጠየቅ ይችላሉ። እናት መምጣት ባትችል አባት፣ አያት ወይም ሌላ የቅርብ አሳዳጊ ሕፃኑን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

*ሕፃኑ የዳነ መምሰሉ።* በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕፃኑ መሳቅና መጫወት ይጀምራል። ይህ መልካም ምልክት ቢሆንም መዳን ግን አይደለም። ከሕክምናው የሚሰናበተው እብጠት ሳይኖርበት የክንዱ ልኬት በተከታታይ ጉብኝት 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከዚያ በፊት ያቋረጠ ሕፃን ሊያገረሽበት ይችላል።

ጉዳት የሚያስከትሉ ልማዶች

የሕፃን መክሳትና ማስመለስ አንዳንድ ጊዜ በእንጥል መውረድ፣ በወተት ጥርስ ወይም በቡዳ ይተረጎማል። በዚህም ምክንያት እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ይፈጸማል። እነዚህ ድርጊቶች ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ፤ አፉ የቆሰለ ሕፃን ደግሞ መጥባትም ሆነ መብላት አይችልም። በምግብ እጥረት ለደከመ ሕፃን ይህ የመጨረሻው ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ጸሎትና ጠበል ከሕክምና ጋር አይጋጩም፤ ቤተሰቡ በእምነቱ እየጸና መድኃኒቱንና ቀጠሮውን መጠበቅ ይችላል። ለሕፃኑ ደኅንነት ሲባል ግን በቀዝቃዛ ውኃ ከማጥመቅ በፊት ሰውነቱ እስኪጠና ድረስ መቆየት፣ ይህንንም ከካህናቱ ጋር መመካከር ተገቢ ነው።

ቤተሰቡ የሚያገኛቸው ድጋፎች

- በጤና ኬላ የሚሰጠው ምርመራና ልዩ የሕክምና ምግቡ ያለ ክፍያ ነው። ለምግቡ ገንዘብ የተጠየቀ ቤተሰብ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይችላል።
- የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚ በሆነ ቤተሰብ ውስጥ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ያለበትን ሕፃን የምትንከባከብ እናት ወይም አሳዳጊ፣ ከማኅበረሰብ ሥራ ነጻ ሆና ክፍያዋን የምታገኝበት ጊዜያዊ ቀጥተኛ ድጋፍ አለ። ለዚህም የሕፃኑን የክትትል ካርድ ለቀበሌው ባለሙያዎች ማሳየት ያስፈልጋል።
- ወደ ሆስፒታል የሚላክ ሕፃን የሪፈር ወረቀት መያዝ አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውን አብረው ይያዙ።
- የአደጋ ምልክት ያለበትን ሕፃን ለማጓጓዝ አምቡላንስ እንዲጠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ወይም የጤና ጣቢያውን ሠራተኞች መጠየቅ ይቻላል። በመንገድ ላይ ሕፃኑ እንዲሞቅ፣ መጥባት ከቻለም ቶሎ ቶሎ እንዲጠባ ይደረግ።
- ወደ ጤና ተቋም ሲኬድ የክትባት ካርድ፣ ቀደም ሲል የተሰጡ መድኃኒቶችና የክትትል ካርድ ይያዙ።

ሕክምናውን በአግባቡ እየወሰደ ክብደቱ የማይጨምር ሕፃን ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለኤች.አይ.ቪ. ወይም ለሌላ ሕመም መመርመር አለበት። ይህ ምርመራ ሲጠየቅ ቤተሰቡ ሊሸማቀቅ አይገባም፤ ሁለቱም ሕክምና ያላቸው ሕመሞች ናቸው።

ከዳነ በኋላ

የዳነ ሕፃን ወደ ነበረበት አመጋገብ ከተመለሰ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከ6 ወር ጀምሮ ደግሞ ጡት እየጠባ ተጨማሪ ምግብ ማግኘት አለበት፤ ጡት ማጥባቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ከገብስ፣ ከስንዴ ወይም ከጤፍ ዱቄት ጋር የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት ተመጥኖ ወፈር ያለ ገንፎ ቢሠራ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ቢጨመርበት፣ እንደተገኘም እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን፣ ዱባና ድንች ቢታከልበት ሕፃኑን ይገነባል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ በቀን ደጋግሞ ማብላት ያስፈልጋል።

የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። ኩፍኝ የያዘው ሕፃን በፍጥነት ወደ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ሊገባ ስለሚችል ክትባቱ ይህንንም ሕመም ይከላከላል። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ውኃን አፍልቶ ወይም አክሞ መጠጣትና መጸዳጃ ቤት መጠቀም ተቅማጥን ይቀንሳል።

ሕፃኑ ከሕክምናው ከተሰናበተ በኋላም ወላጆች በየወሩ ወደ ጤና ኬላ ወስደው ዕድገቱን ማስመዘን አለባቸው። በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የክንዱን ልኬት ማስታየት፣ እግሮቹንም በቤት መመርመር ያስፈልጋል። ክንዱ የሳሳ ወይም እግሮቹ ያበጡ ሕፃን ካለ ወላጅ የሚቀጥለውን የቀጠሮ ወይም የገበያ ቀን ሳይጠብቅ በዚያው ዕለት በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ኬላ ይዞት መሄድ ይኖርበታል።